ዝቋላ በቴምብር፣ ዳሞታ በደጃፍ

ሶዶ ላይ ተወልደን ያደግን ልጆች ዳሞታ እሳቱ የጠፋ እሳተ ገሞራ መሆኑን ያወቅነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። ለእኛ ዳሞታ ደመና የሚወርድበት፣ ዝናብ የሚጠየቅበት ተራራ ብቻ ነበር።

ቴምብር ትንሽ ወረቀት ናት፤ ግን መንግሥት የትኛውን ተራራ እንደሚያከብር ትናገራለች። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በወጡት የመልክዓ ምድር ቴምብሮች ላይ ዝቋላ አለ። ዝቋላም የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡዬ ገዳም አለውና ቢከበር አይገርምም። በዚያው ተከታታይ ራስ ዳሸንም አለ፣ የኦሞ ፏፏቴም አለ። ዳሞታ ግን የለም።

«ከአዲስ አበባ አይታይማ!» እንል ይሆናል። ነገሩ ግን ሥር አለው። ምኒልክ የፖስታ አገልግሎትን በአዋጅ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ራሳቸው የመሩት ጦር ወላይታ ገባ፤ ካዎ ጦናም ተማረኩ። ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የያዙት የንጉሠ ነገሥቱንና የአንበሳን ምስል ነበር። ቴምብሩና ዘመቻው የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ታዲያ ዝቋላን አንቀናበትም፤ ቴምብር እስኪወጣልንም አንቀመጥም። ድንጋዩን ከጂኦሎጂ፣ ታሪኩን ከሽማግሌዎቻችን ጠይቀን ዳሞታን እኛው እንጻፈው!