ለብቻ የምትሸጥ አገር

ኢትዮጵያ በስሟ ተጠርታ «ሲቪላይዜሽን» በተባሉት ተከታታይ ጌሞች ውስጥ ሦስት ጊዜ ገብታለች። ሦስቱንም ጊዜ የገባችው በተጨማሪ ክፍያ ነው። በ2007 ለአራተኛው ክፍል በወጣው «ቢዮንድ ዘ ሶርድ» ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን መሪ አድርጋ መጣች። በ2012 ለአምስተኛው ክፍል በወጣው «ጎድስ ኤንድ ኪንግስ» ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ይዛ ተመለሰች። በ2020 ደግሞ ለስድስተኛው ክፍል ዳግማዊ ምኒልክን ይዛ፣ በራሷ ስም በተሰየመ ጥቅል ተሸጠች። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2»ም ቢሆን በ1999 ሲወጣ አያውቀንም ነበር። ሾተል የያዘው ተዋጊ፣ አማርኛ የሚናገሩት ሠራተኞች፣ ስለ ዮዲት የሚተርከው ዘመቻ፣ እነዚህ ሁሉ የመጡት ከ16 ዓመት በኋላ በ2015 በወጣው «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» ነው። እሱም ማስፋፊያ ነበር፤ እሱም በክፍያ ነበር።

ነገሩ ንቀት ይመስላል፣ በከፊልም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሶፍትዌር ጽፌ የምኖር ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የሚገባው የአሻሻጡ መንገድ ነው። ስትራቴጂ ጌም ባለፉት 25 ዓመታት ውስጥ ካለቀለት ዕቃ ወደማያልቅ ሥራ ተቀይሯል። ይህ ለውጥ ማን ካርታው ላይ እንደሚወጣ፣ ማን ተምሮ እንደሚቀጥል፣ ማን ደግሞ ሰልችቶት እንደሚተው ወስኗል። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል።

የሣጥን ዘመን

ድሮ ማስፋፊያ ማለት ከሱቅ የሚገዛ ሁለተኛ ሣጥን ነበር። «ስታርክራፍት» በ1998 ወጣ፣ «ብሩድ ዋር» የተባለው ማስፋፊያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከተለ። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በ1999 ወጣ፣ «ዘ ኮንከረርስ» በ2000 ተከተለው። አንድ ጌም፣ አንድ ማስፋፊያ፣ በቃ። ስህተት የሚያርሙ ትናንሽ ፓቾች ነበሩ፤ ግን ዲስኩ አንዴ ከታተመ ሠሪው ሕጉን እንደ ልቡ የሚቀይርበት መንገድ ጠባብ ነበር።

እኛ ሰፈር ደግሞ ሣጥኑን ያየ ሰው ጥቂት ነው። ጌም የሚደርሰን ከኮምፒውተር ቤት በሲዲ፣ በኋላም በፍላሽ እየተገለበጠ ነበር። የተገለበጠ ጌም ደግሞ አፕዴት የለውም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ቨርዥን ነው የሚጫወተው፤ የዛሬ ዓመት የተማርከው ዘዴ ዘንድሮም ይሠራል። ታላላቆቻችን ያሳዩንን አጀማመር እኛም ለታናናሾቻችን አስተላለፍን። ልክ እንደ ገበጣ ማለት ነው። የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ግን ለመጫወት በተቀመጥክበት ሌሊት መጥቶ አንድ ጉድጓድ የሚጨምር ሰው የለም።

ከሣጥን ወደ ቧንቧ

ስቲም በ2003 ሲከፈት ጌም በቧንቧ መምጣት ጀመረ። ቧንቧ ደግሞ አንዴ ከተዘረጋ ሁልጊዜ የሚያፈስበት ነገር ይፈልጋል። በ2006 «ኦብሊቪየን» የተባለው ጌም ለፈረስ የሚሆን ጥሩር በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም በኤክስቦክስ ላይ ሸጠ። ዓለም ሳቀበት፤ ሰው ግን ገዛው። ትምህርቱን የወሰደው ኢንዱስትሪው በሙሉ ነው።

በስትራቴጂው ዓለም ይህን መንገድ እስከ ጫፍ የሄደበት ስቶክሆልም ያለው ፓራዶክስ ነው። «ክሩሴደር ኪንግስ 2» በ2012፣ «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» በ2013 ወጡ፤ ሁለቱም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በላይ በላዩ ማስፋፊያ ተጨመረባቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ማስፋፊያ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ለሁሉም ተጫዋች በነፃ የሚወርድ አፕዴት ነው፤ የጌሙን መሠረታዊ ሕግ ይቀይራል። ሌላው የሚከፈልበት ነው፤ በአዲሱ ሕግ ላይ አዳዲስ አማራጮችን ይጨምራል። ከፋዩ ላልከፈለው ጭምር ወጪውን ይሸፍናል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ እንደ እቁብ ሁሉ ለሁሉም የሚደርስ ይመስላል።

ችግሩ የሚመጣው ነፃውና የሚከፈልበት ሲጋጠሙ ነው። «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» ከ1444 ይጀምራል፤ እኛ አገር ዘርዐ ያዕቆብ በዙፋን ላይ ናቸው። በሰኔ 2015 «ኮመን ሴንስ» የተባለ ማስፋፊያ ወጣ። አብሮት የመጣው ነፃ አፕዴት እያንዳንዱን ግዛት በ«ልማት» መጠን መለካት ጀመረ፤ ልማቱን በነጥብ ከፍሎ የማሳደጊያው ቁልፍ ግን ማስፋፊያውን ለገዛ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ «ራይትስ ኦፍ ማን» ወጣ፤ በነፃው አፕዴት ውስጥ «ተቋማት» የሚባል ሥርዓት መጣ። ሬኔሳንስ ጣሊያን ውስጥ ይወለዳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሌላው ዓለም ይሰራጫል። እስኪደርስህ ድረስ ቴክኖሎጂ የምትገዛው በውድ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ላለ ከአውሮፓ ሩቅ አገር ዋናው መፍትሔ አንድ ግዛት መርጦ በነጥብ ማልማትና ተቋሙን እዚያው አገር ውስጥ ማብቀል ነበር።

አሁን ሁለቱን አጋጥሟቸው። በሽታው በነፃ መጣ፤ መድኃኒቱ ከዓመት በፊት በወጣው ማስፋፊያ ውስጥ ተቆልፎ ነበር። ፈረንሳይን የሚጫወት ሰው ብዙም አይሰማውም ነበር፤ ተቋሙ ራሱ በሩ ድረስ ይመጣለት ነበር። ኢትዮጵያን የሚጫወት ግን ካልከፈለ ይቀር ነበር። በእውነተኛው ታሪክ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1441 ፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተዋል፤ በጌሙ ውስጥ ፍሎረንስ ወደ እኛ እንድትመጣ ቁልፍ መግዛት ነበረብን። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። በተለያየ ጊዜ የተጻፈ ኮድ ሲገናኝ እንዲህ ዓይነት ነገር ይፈጠራል። ሥራዬ ላይ በየሳምንቱ የማየው ነው።

የተማሩትን መቀማት

አፕዴት ሁልጊዜ መጨመር ብቻ አይደለም፤ መንጠቅም ይችላል። በ2016 የወጣው «ስቴላሪስ» ሲጀመር የጠፈር መርከቦች ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚሄዱበትን መንገድ ከሦስት አማራጮች ያስመርጥ ነበር። በየካቲት 2018 የመጣው 2.0 አፕዴት ሁለቱን አነሳቸው፤ ሁሉም ተጫዋች በተዘረጋ መስመር ብቻ እንዲጓዝ ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የፕላኔቶች አሠራር እንደገና ከመሠረቱ ተቀየረ። ብዙዎች ለውጡ ጌሙን የተሻለ አድርጎታል ይላሉ፤ እኔም በግሌ መስመሩን እወደዋለሁ፣ ድንበር መከላከል ትርጉም የሚኖረው በእሱ ነው። ግን በ2016 ዋጋ ከፍሎ ሦስት አማራጭ የገዛ ሰው በ2018 ሲነቃ አንድ ነው ያለው።

የስትራቴጂ ጌም ተጫዋች ሀብቱ እውቀቱ ነው። በጥድፊያ ጌሞች ውስጥ ጣት ይለምዳል፣ ልምዱም ይቆያል። እዚህ ግን አንድ ሰው 300 ሰዓት ተጫውቶ የሚያተርፈው «ይህን ካደረግኩ ያ ይሆናል» የሚል በጭንቅላቱ የተሠራ ካርታ ነው። ሕጉ ሲቀየር ካርታው ያረጃል። ሥራ ለያዘ፣ ልጅ ለወለደ፣ በወር አንዴ ብቻ ኮምፒውተሩን ለሚከፍት ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ሲመለስ ቤቱ ያው ቤት ነው፣ ዕቃው ግን ቦታ ተቀያይሯል።

ሠሪዎቹ ይህን ያውቁታል፤ ስለዚህ ፓራዶክስ የድሮ ቨርዥኖችን በስቲም በኩል መርጦ መመለስ እንዲቻል ያደርጋል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው። እኛ ፕሮግራመሮች ጊት ላይ ወደ ኋላ መመለስ እንደምንችለው፣ ተጫዋቹም የጀመረውን ሴቭ በጀመረበት ሕግ መጨረስ ይችላል። ብዙ ሌሎች ጌሞች ይህን በር አይተዉም።

የቁጥሩ ጉዳይ

ለምን በየጊዜው የሆነ ነገር ይሰበራል ለሚል ሰው መልሱ ሒሳብ ነው። አንድ ማስፋፊያ ወይ ተገዝቷል ወይ አልተገዛም። አሥር ማስፋፊያ ካለ 1,024 የተለያየ ስብስብ ይወጣል። ሃያ ከሆነ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል፤ 1,048,576። ይህን ሁሉ የሚፈትሽ ቡድን በምድር ላይ የለም። በሚያዝያ 2021 ለ«ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» የወጣው «ሌቪያታን» በስህተት ተሞልቶ መጣ፤ በስቲም ላይ በጣም ዝቅተኛ አስተያየት ካገኙት ምርቶች አንዱ ሆነ፣ የስቱዲዮው ኃላፊም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ሁሉንም ማስፋፊያ በወር 5 ዶላር አካባቢ የሚያከራይ የደንበኝነት ክፍያ ተጀመረ። «ኸርትስ ኦፍ አይረን 4» ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ማስፋፊያዎች ወደ መሠረታዊው ጌም ቀላቀሏቸው። ለገዢው ስጦታ ነው፤ ለፕሮግራመሩ ደግሞ እፎይታ ነው፤ አንድ ማስፋፊያ በተቀላቀለ ቁጥር ያ ትልቅ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል።

አዲስ አበባ ላለ ተጫዋች ሌላም ሒሳብ አለ። ስቲም በብር አይሸጥም። በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የ20 ዶላር ማስፋፊያ ከ1,100 ብር ብዙም ሳይርቅ ቆይቶ ከ2,000 በላይ ሆነ። ሻጩ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። በዚያ ላይ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ማግኘት አለ፣ አፕዴቱ ሲወርድ የሚበላው ዳታ አለ። አንድ ጌም አንዴ ገዝቶ ለአሥር ዓመት መጫወት ለእኛ የሚያዋጣ ነገር ነበር፤ አሁን ጌሙ ራሱ ደመወዝ ይጠብቃል።

125 ቀናት

እስካሁን ያልኩት ቅሬታ ይመስላል። ግን ሌላውን ወገን የማያሳይ ታሪክ ታሪክ አይደለም።

«ኸርትስ ኦፍ አይረን 4» በ2016 ወጣ። ጌሙ የሚጀምረው ጥር 1 ቀን 1936 ነው፤ ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር ጦርነት ላይ ናት። እያንዳንዱ አገር መንገዱን የሚመርጥበት «ብሔራዊ ትኩረት» የሚባል ዛፍ አለው። ትላልቆቹ አገሮች በራሳቸው ታሪክ ላይ የተሠራ ዛፍ ነበራቸው። ኢትዮጵያ የተሰጣት ለሌሎች ብዙ አገሮችም የተሰጠው አጠቃላይ ዛፍ ነው፤ እዚያ ላይ አንድ ትኩረት በአብዛኛው 70 ቀን ይፈጃል። ከጥር 1 ጀምሮ ጣሊያን አዲስ አበባ እስከገባችበት ግንቦት 5፣ በእኛ ሚያዝያ 27፣ 125 ቀን ነው። በታሪኩ ልክ ከሄድን አንድ ትኩረት ትጨርሳለህ፤ ሁለተኛውን ሳትጨርስ ከተማዋ ትወድቃለች። ማይጨው የለም፣ ስደት የለም፣ አርበኛ የለም። ለስድስት ዓመት የኢትዮጵያ ታሪክ በዚያ ጌም ውስጥ ይህ ነበር።

በመስከረም 2022 «ባይ ብለድ አሎን» ወጣ። ጣሊያንና ስዊዘርላንድ ካገኙት ጋር ኢትዮጵያም የራሷን ዛፍ አገኘች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው ትግሉን የሚቀጥሉበት መንገድ ጭምር። እንግዲህ እውነቱን እንናገር፦ በሣጥን ዘመን ቢሆን ይህ መቼም አይመጣም ነበር። በ2000 አካባቢ አንድ ጌም አንድ ማስፋፊያ ካገኘ ተመስገን ነው፤ ያ አንዱ ደግሞ ብዙ ገዢ ላላቸው አገሮች ይውላል። ሠሪዎቹ እኛ ጋ የደረሱት ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ፣ ትላልቆቹን ከጨረሱ በኋላ የሚሸጥ ሌላ ታሪክ ስላስፈለጋቸው ነው። ያማረርኩበት ቧንቧ ነው ያመጣን።

ስለዚህ ለእኔ ዋናው ጥያቄ ማስፋፊያ ይኑር አይኑር አይደለም። ጥያቄው ማን መሠረቱ ውስጥ ይገባል የሚለው ነው። አንድ አገር በማስፋፊያ ሲመጣ እሱን የሚያገኘው ፈልጎ የከፈለ ሰው ነው፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞም የሚያውቀው። መሠረታዊውን ጌም ብቻ የገዛ የብራዚል ወይም የፖላንድ ልጅ በሲቪላይዜሽን 4፣ 5 እና 6 ውስጥ ስንት መቶ ሰዓት ቢጫወት ኢትዮጵያ የምትባል ጎረቤት አታጋጥመውም። ሮምን ያገኛል፣ እንግሊዝን ያገኛል፤ ሳይጠይቅ ስማቸውን ይማራል።

በየካቲት 2025 «ሲቪላይዜሽን 7» ሲወጣ አክሱም መሠረታዊው ጌም ውስጥ ነበረች። ከወር በኋላ ታላቋ ብሪታንያ በሚከፈልበት ጥቅል መጣች። ብዙ ተጫዋቾች ተቆጡ፤ እንዲህ ያለች አገር እንዴት ለብቻ ትሸጣለች አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ እኛ ይህን ጥያቄ ከ2007 ጀምሮ ይዘነው ነበር። እስከዚያው ግን ጌሙን ዛሬ የከፈተ፣ ስለ እኛ ምንም የማያውቅ አንድ ልጅ ካርታውን ሲገልጥ በቀይ ባሕር የምትነግድ አክሱም የምትባል ጎረቤት ልታጋጥመው ትችላለች። ተጨማሪ አልከፈለባትም። እንዲሁ ናት ያገኛት።