የሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች ቀዶ ሕክምና የፌሎሺፕ ሥልጠና፦ ምንነቱና ለካፋ ዞን ያለው ፋይዳ

የሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች ቀዶ ሕክምና የታይሮይድ፣ የፓራታይሮይድ፣ ከኩላሊት በላይ የሚገኘው የአድሬናልና ሆርሞን የሚያመነጨው የቆሽት ክፍል ሕመሞች በቀዶ ሕክምና የሚታከሙበት የሙያ ዘርፍ ነው። ፌሎሺፕ የሚባለው ደግሞ አንድ ሐኪም የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ በአንድ ዘርፍ ላይ ብቻ አተኩሮ የሚወስደው የሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ነው። በአገራችን ከዚህ ዘርፍ ሥራ ሰፊውን ድርሻ የሚይዘው የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ነው።

የችግሩ ስፋት

እንቅርት በዋናነት የሚከሰተው በምግብ ውስጥ በቂ አዮዲን ባለመኖሩ ነው። ከፍተኛ ዝናብ በሚያገኙ ደጋማና ተዳፋት ቦታዎች ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈር አጥቦ ስለሚወስደው በዚያ የሚበቅለው ሰብልም አዮዲን ያጥረዋል። ዝናብና ደን የበዛበት የካፋ ዞን የመሬት አቀማመጥም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ የወጣ አገር አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 35.8 በመቶው እንቅርት የነበራቸው ሲሆን፣ በ11.5 በመቶው ላይ እብጠቱ በዓይን የሚታይ ነበር። ስርጭቱ ከ30 በመቶ በላይ ከሆነባቸው አራት ክልሎች አንዱ በወቅቱ ካፋ ዞንን ያካትት የነበረው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ወጥቷል። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ ሲሆን፣ በ2016 ጥናት ግን ጨዋቸው ከተመረመረ ቤቶች 89 በመቶው አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀሙ ነበር። ይህ ትልቅ እመርታ ነው። ይሁን እንጂ ጨው አዲስ እንቅርት እንዳይፈጠር ይከላከላል እንጂ ለዓመታት አድጎ ጓጉሎ የቆየውን አያጠፋም። በመሆኑም አዮዲን ያለው ጨው ሳይዳረስ በፊት ያደጉ እናቶች የቀዶ ሕክምና ፍላጎት ለብዙ ዓመታት የሚቀጥል ነው።

ልዩ ሥልጠና ለምን አስፈለገ?

ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ፣ በግራና በቀኝ፣ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱ ቀጫጭን ነርቮች ያልፋሉ። አንዱ ቢጎዳ ድምፅ ይሻክራል፤ ሁለቱም ቢጎዱ መተንፈስ ያስቸግራል። የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩትና አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ደግሞ መጠናቸው የምስር ፍሬ ያህል በመሆኑ በቀላሉ አብረው ሊወጡ ይችላሉ። እንቅርቱ ግዙፍ ሲሆን ወይም ወደ ደረት ሲወርድ የእነዚህ ክፍሎች አቀማመጥ ስለሚዛባ ሥራው ይበልጥ ይከብዳል።

ሌላው ጥያቄ ከዕጢው ምን ያህሉ ይውጣ የሚለው ነው። የስዊዘርላንዱ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር እ.ኤ.አ. በ1883 ባቀረቡት ሪፖርት ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ታካሚዎች ከጊዜ በኋላ ለከባድ የሰውነትና የአእምሮ መፍዘዝ መዳረጋቸውን አሳይተዋል። በ1909 በታይሮይድ ላይ ባከናወኑት ሥራ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ ለዚህ ችግር ሌቮታይሮክሲን የተባለ መድኃኒት አለ፤ ሆኖም በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። መድኃኒቱንና የደም ምርመራውን ለማግኘት ከገጠር ቀበሌ ረጅም መንገድ ለምትጓዝ ታካሚ ይህ ውሳኔ የኑሮ ጉዳይ ጭምር ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከመቁረጡ በፊት የታካሚዋን አኗኗርም ሊመዝን ይገባል።

ልምድም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት በዓመት ከ25 በላይ የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና በሚያደርጉ ሐኪሞች ዘንድ የሚያጋጥመው ጉዳት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

የሥልጠናው ይዘት

በሰሜን አሜሪካ የዘርፉ ፌሎሺፕ በአብዛኛው አንድ ዓመት ይወስዳል። ሠልጣኙ በዋናነት የሚከተሉትን ይቀስማል፦

• የአንገት አልትራሳውንድ ማከናወንና በቀጭን መርፌ የተወሰደ ናሙና ውጤትን መተርጎም፤
• የታይሮይድ፣ የፓራታይሮይድና የአድሬናል ቀዶ ሕክምናን በአሠልጣኝ ክትትል በብዛት ማከናወን፤
• የታይሮይድ ካንሰርን ከሆርሞን ሕክምና ስፔሻሊስት፣ ከፓቶሎጂስትና ከካንሰር ሐኪም ጋር በቡድን ማከም፤
• ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት የአንገት ውስጥ መድማትንና የካልሲየም ማነስን በፍጥነት ለይቶ ማከም፤
• ጥናትና ምርምር ማካሄድ እንዲሁም ሌሎችን ማሠልጠን።

በምሥራቅ፣ መካከለኛውና ደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሕክምና ሥልጠናን የሚያስተባብረው እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ኮሌጅ ሲሆን ኢትዮጵያም አባል ናት።

ለካፋ ዞን ያለው ፋይዳ

በኢትዮጵያ አብዛኛውን የእንቅርት ቀዶ ሕክምና የሚያከናውኑት የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ናቸው። በቦንጋ የሚገኘው የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል የዞኑን ነዋሪ ያገለግላል፤ ከበድ ላሉ ሕመሞች ቅርቡ የሪፈራል ተቋም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ሰብ ስፔሻሊስት በየሆስፒታሉ መመደብ አይቻልም። የሥልጠናው ጥቅም ወደ ዞኑ የሚደርሰው ፌሎሺፕ ያጠናቀቀው ሐኪም በሪፈራል ማዕከሉ ስፔሻሊስቶችን ሲያሠለጥን፣ የትኛው ታካሚ በቦንጋ መታከም እንደሚችልና የትኛው ወደ ጅማ መላክ እንዳለበት ግልጽ መስፈርት ሲኖር፣ እንዲሁም ታካሚው ወደ ቀዬው ሲመለስ መድኃኒቱንና ክትትሉን በቅርቡ ሲያገኝ ነው።

ለኅብረተሰቡ

ከእንቅርት ጋር የመተንፈስ ወይም የመዋጥ ችግር፣ የድምፅ መሻከር ወይም እብጠቱ በፍጥነት ማደግ ከታየ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንገት በድንገት ካበጠ ወይም በአፍ ዙሪያና በጣቶች ላይ መደንዘዝ ከተሰማ ለሐኪም ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባል። አዮዲን ያለውን ጨው በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ማስቀመጥና ወጥ ላይ በመጨረሻ መጨመር አዮዲኑን ይጠብቃል። ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ ቤተሰቦችም ይህንኑ ጨው ሊጠቀሙ ይገባል።