ፍርስራሽና አፈር ማስነሳት በላምበረት

ፍርስራሽና አፈር ማስነሳት ቤት ሲፈርስ፣ ሲታደስ ወይም መሠረት ሲቆፈር የሚወጣውን ድንጋይ፣ ብሎኬት፣ ጭቃና አፈር ከግቢ አስወጥቶ መድፊያው ድረስ የማድረስ ሥራ ነው። በላምበረትና በዙሪያው፣ ማለትም ከመገናኛ ወደ ኮተቤና ካራ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ በኩል፣ ሥራው የሚከፈለው በጉዞ ነው፤ በሹፌሮቹ አነጋገር በቢያጆ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ቤቱን የሚያድስ ሰው ባዶ የብረት ገንዳ ተከራይቶ ደጁ ላይ ለሳምንት ያስቀምጣል፣ እየሞላም ይከርማል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የሚከራየው መኪናው ከነሹፌሩ ስለሆነ ደጅ ላይ የሚከርም ነገር የለም። ፍርስራሹ ተሰብስቦ መኪናውን ይጠብቃል እንጂ መኪናው ፍርስራሹን አይጠብቅም። ወጪውም የሚሰላው ከዚሁ ተነስቶ ነው።

ገንዳው የማን ነው

በየሠፈሩ ጥግ የሚታየው የብረት ገንዳ የከተማው ነው። የተለመደው 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሲሆን፣ ሲሞላ ገንዳ የሚያነሳ መኪና መጥቶ በሰንሰለት አንስቶ ይወስደዋል። ወደ ገንዳው የሚገባው በጽዳት ማኅበራት አማካይነት ከየቤቱ በጋሪ የሚሰበሰበው የቤት ቆሻሻ ነው። ነዋሪው ለዚህ አገልግሎት የሚከፍለው ከውኃ ሂሳቡ ጋር ተደምሮ ነው፤ ለረጅም ዓመታት በሥራ ላይ የቆየው ስሌት ከመኖሪያ ቤት የውኃ ፍጆታ ሂሳብ 20 በመቶ፣ ከንግድ ቤት ደግሞ 42.5 በመቶ ነበር።

ይህ ክፍያ ፍርስራሽን አይጨምርም። ማኅበራቱ የተሰበረ ብሎኬት ወይም የተነቀለ ሴራሚክ በጋሪያቸው አይጭኑም፣ ቢጭኑም ገንዳው አይችለውም። 8 ሜትር ኩብ ድንጋይና አፈር ከ10 ቶን በላይ ስለሚመዝን፣ ለልጣጭና ለፌስታል የተሠራ ማንሻ ከመሬት አያላቅቀውም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999ም የግንባታና የፍርስራሽ ቆሻሻን ከቤት ቆሻሻ ነጥሎ ነው የሚያየው። ሌሊት ፍርስራሹን ገንዳው ጥግ ከምሮ የሚሰወር ሰው አይጠፋም። ወጪው ግን አልቀረም፤ ወደ ጎረቤቱና ወደ ወረዳው ዞረ እንጂ።

የመኪናው መጠን

ገበያውን የያዙት ሁለት ዓይነት መኪኖች ናቸው። አንዱ አይሱዙ ነው፤ የተለመደው ትንሹ ገልባጭ ከ4 እስከ 5 ሜትር ኩብ ይይዛል፣ በኮብልስቶን የተነጠፈ ጠባብ መንገድም ይገባል። ሌላው ሲኖትራክ ሲሆን የተለመደው ጭነቱ 16 ሜትር ኩብ ነው። በአደጋው ብዛት ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ይኸው መኪና ነው። የአሜሪካው ተከራይ በብዛት የሚመርጠው ባለ 20 ያርድ ኩብ ገንዳ ወደ 15 ሜትር ኩብ ስለሚጠጋ፣ ሁለቱ በይዘት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። እዚያ ኪራዩ በጥቅሉ ከ300 እስከ 600 ዶላር ሲሆን ማድረሱን፣ ለቀናት መቆሙን፣ መውሰዱንና የመጣያ ክፍያውን ይጠቀልላል። የክብደት ጣሪያ አለው፣ ከዚያ ያለፈው በቶን ይጨመራል። እዚህ ደግሞ የአንድ ቢያጆ ዋጋ የሚሸፍነው ጉዞውን ብቻ ነው። መጫኛው፣ የማውረጃ ቦታ ፍለጋውና የደላላው ድርሻ በየፊናቸው ይመጣሉ።

ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዋጋው ላይ ሳይሆን በመጠኑ ላይ ነው። 4 በ4 ሜትር የሆነች፣ ቁመቷ 3 ሜትር የሆነ የብሎኬት ክፍል ብትፈርስ፣ ግድግዳዋ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ብቻውን 9.6 ሜትር ኩብ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የወለሉ ኮንክሪት 1.6 ይጨምራል። ሲሰባበር በመሃሉ ክፍተት ስለሚፈጠር መጠኑ ያድጋል፤ የበርና የመስኮቱን ቀዳዳ ቀንሰንም አንድ ሲኖ ወይም ሦስት አይሱዙ የሚፈልግ ክምር ይወጣል። አፈር ከዚህ ይብሳል። ለሴፕቲክ ታንክ 3 በ3 በ3 ሜትር ጉድጓድ ሲቆፈር ከመሬት ውስጥ የሚለካው 27 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲወጣና ሲላላ ግን ከ25 እስከ 30 በመቶ ስለሚያብጥ ወደ 34 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ሁለት ሲኖ ሞልቶ የሚተርፈው ሁለት ሜትር ኩብ ሦስተኛ ቢያጆ ያስጠራል፤ ሹፌሩም ለግማሽ ጭነት ግማሽ ዋጋ አይቀበልም። ልምድ ያላቸው ግንበኞች ትርፉን ግቢው ውስጥ ለመደልደያ የሚያስቀሩት ለዚህ ነው።

የመታጠቢያ ቤት እድሳት ሌላ ዓይነት ነው። 2 በ2.5 ሜትር የሆነ ክፍል ሴራሚኩ ከነልስኑ ቢነቀል አንድ ሜትር ኩብ ያህል ፍርስራሽ ይወጣዋል፣ በማዳበሪያ ሲሞላ ከ30 ከረጢት ያልፋል። ለዚህ ሙሉ አይሱዙ መጥራት ብክነት ስለሚሆን በፒክአፕ ይወሰዳል፣ ወይም አጠገብ ቤት የሚያፈርስ ካለ ከእሱ ጭነት ጋር ይደባለቃል። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆነ ግን ከመኪናው ይልቅ ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ የሚያወርደው የቀን ሠራተኛ ነው ሂሳቡን የሚያከብደው። በማዳበሪያ ቁጥር መዋዋል በቀን ከመዋዋል ይሻላል፤ የቀን ሥራ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይለጠጣል።

ዋጋው ከምን ይመጣል

የቢያጆ ዋጋ በመንግሥት ተመን አይወሰንም፣ በድርድር ይቆረጣል። ከሁሉ በላይ የሚገፋው ናፍጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ሊትር ናፍጣ 29 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ 99 ብር ገደማ ደርሶ ነበር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ጎማውም፣ ዘይቱም፣ መለዋወጫውም ተከትሎ ወጣ። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ጎረቤት የከፈለውን ይዞ መደራደር ብዙም አያራምድም። ይልቅ የሚያዋጣው ጭነቱን ከማቅረብ በፊት የሚደፋበትን ቦታ ማወቅ ነው፤ ሁለት ሹፌሮች በዋጋ ቢለያዩ ብዙ ጊዜ የሚለያዩት በሚሄዱበት ርቀት ነውና።

ጊዜም ዋጋ አለው። ከባድ መኪኖች ቀን በዋና መንገዶች ላይ እንዳይንቀሳቀሱ ገደብ ስለተጣለባቸው የሲኖ ሥራ ወደ ማታና ወደ ሌሊት ተገፍቷል። ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚወጡ አውቶቡሶች ጎህ ሲቀድ መንገዱን ከመያዛቸው በፊት አፈር የጫኑ መኪኖች ሥራቸውን መጨረስ ይፈልጋሉ። በዚያ ሰዓት የሚጭን ሠራተኛ ከቀኑ ይበልጥ ያስከፍላል፣ ጎረቤትም እንቅልፉን ያጣል።

መጫኑ በሁለት መንገድ ነው። በአካፋና በባሬላ ከሆነ አይሱዙን ለመሙላት ጥቂት ሰዎች ይበቃሉ። ሲኖን በእጅ መሙላት ግን አድካሚ ከመሆኑም ሌላ መኪናው ቆሞ በጠበቀ ቁጥር ሹፌሩ ይጨምራል። ሎደር ወይም ኤክስካቫተር በሰዓት ይከራያል፤ ማሽኑን አምጥቶ የሚመልሰው ወጪ ስላለ ለአንድና ለሁለት ቢያጆ አያዋጣም፣ ለአሥር ቢያጆ ግን የግድ ነው። በሠፈሩ የተደራጁ ጫኝና አውራጆች ሥራው የእኛ ነው ሲሉ፣ ባለቤቱ ደግሞ የራሴን ሰው አመጣለሁ ሲል የሚነሳው ጭቅጭቅ በከተማው ሁሉ የታወቀ ነው። ዋጋውን መኪናው በር ላይ ከመቆሙ በፊት ያልጨረሰ ሰው በድርድሩ ደካማው ወገን ይሆናል።

የት ይደፋል

ምሥራቅ አዲስ አበባ የራሱ የቆሻሻ ማስወገጃ የለውም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገለው ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው፣ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ከላምበረት ለሚነሳ መኪና ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው። ረጲን እንዲተካ የተሠራው የሰንዳፋ ማስወገጃ በአንጻሩ በኮተቤና ለገጣፎ አቅጣጫ፣ ለላምበረት በሚቀርበው ወገን ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የአካባቢው አርሶ አደሮች ውኃችንን በከለ፣ ከብታችንንም ጎዳ ብለው ተቃወሙ፣ በዚያው ዓመት ክረምት ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 2010 በዚያው የተመረቀው የኃይል ማመንጫ የሚያቃጥለው የቤት ቆሻሻን ነው፤ ድንጋይና አፈር ለእሱ ጥቅም የላቸውም።

ስለዚህ ለፍርስራሽ ጥሩው መድረሻ ሙሌት የሚፈልግ ሰው ነው። በየካ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ቦታውን ለማስተካከል ድንጋይ የበዛበት ፍርስራሽ በደስታ ይቀበላል፣ አንዳንዴም ይከፍላል። እንዲህ ያለ ተቀባይ በቅርብ ካለ የቢያጆው ዋጋ በእጅጉ ይወርዳል፤ ደላላው የሚያገለግለውም እዚህ ላይ ነው። ጥቁር አፈር ግን ማንም አይፈልገውም። በቦሌና በሲኤምሲ ሜዳ የሚገኘው ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረት ሥር ከቀረ ግድግዳ ይሰነጥቃል። በመሆኑም ይወጣና በምትኩ ሰሌክት የሚባል የተመረጠ ሙሌት ይገባል። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ለሚወጣውም ለሚገባውም። ሰሌክቱን የሚያመጣው መኪና ሲመለስ ጥቁሩን አፈር እንዲጭን መዋዋል ባዶ ጉዞን ያስቀራል፤ ሹፌሮች ግን ይህን ቅናሽ ካልተጠየቁ አያነሱትም።

ርካሹ መንገድ ከየካ ተራራ ወደሚወርዱት ጅረቶች መድፋት ነበር፣ ለዓመታትም ተደርጓል። ክረምት ሲገባ ውኃው መንገዱን ያጣና ወደ ቤት ይገባል። ከተማው በ2017 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ አውጥቶ ቅጣቱን አክብዷል። ደንብ አስከባሪ ሲይዝ ሹፌሩን ብቻ አይጠይቅም፤ አፈሩ ከየትኛው ግቢ እንደወጣም ይጣራል።

የሚሸጠው ክፍል

ፍርስራሽ ሁሉ ወጪ አይደለም። የጭቃ ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮው፣ ማገሩና ወራጁ፣ በርና መስኮቱ ገዢ አላቸው። ከኮንክሪት ተፈልቅቆ የሚወጣ ፌሮ በኪሎ ይሸጣል፣ ቆራሌው የሚወስደውም ዞሮ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ቤቱን በነፃ አፍርሶ ቁሳቁሱን የሚወስድ፣ ብዙ ብረትና እንጨት ካለበት ደግሞ ለባለቤቱ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ማግኘት የተለመደ ነው። ችግሩ የሚመጣው በማግሥቱ ነው፤ የሚጠቅመው ተወስዶ ጭቃውና ድንጋዩ ግቢ ውስጥ ይቀራል። ውሉ «አፍርሶ ማንሳት» ይላል ወይስ «ማፍረስ» ብቻ የሚለው የሁለት ወይም የሦስት ቢያጆ ልዩነት አለው።

ሥራው የሚሠራበት ወቅትም ሂሳቡን ይለውጠዋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ እስከ መገናኛ ባለው መስመር ብዙ ቤቶችንና አጥሮችን ሲያፈርስ ገልባጭ መኪኖች በሥራ ተጠምደው ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ሲኖር አንድ መታጠቢያ ቤት የሚያድስ ሰው ወረፋ ይጠብቃል። ክረምት ደግሞ ከሁሉም ወቅት ይከብዳል። የረጠበ አፈር ይመዝናል፣ መጫኛው ላይ ይጣበቃል፣ ሲኖ ወደ ውስጥ ሠፈር ከገባ ኮብልስቶኑን ያሰምጣል፣ ከሥሩ ያለውንም የውኃ ቧንቧ ይሰብራል። የተሰበረውን የማስጠገን ዕዳ ከሹፌሩ ጋር ቀድሞ ካልተነጋገሩበት መኪናውን ባስገባው ባለቤት ላይ ይወድቃል። ለዚህም ነው ሐምሌና ነሐሴ ላይ በላምበረት የውስጥ ሠፈሮች በአይሱዙ ደጋግሞ መመላለስ፣ ቢያጆው ቢበዛም፣ ከአንድ ሲኖ የሚቀለው።