የከፈለ ሰው ለምን ይደበቃል?

ሰሞኑን ጀርመን የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የቅጣት ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። 60 ዩሮ። «ቲቸር፣ ትኬቱን በገንዘቤ ገዝቼ እንደ ሌባ ተቀጣሁ» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የምድር ውስጥ ባቡር ትኬት ከማሽን ገዛ፣ ኪሱ ከተተ፣ ተሳፈረ። ለካ ትኬቱ ከመሳፈሩ በፊት እዚያው ጣቢያው ላይ ባለች ትንሽ ሳጥን ቀንና ሰዓት ሊመታበት ይገባል። እሱ አላወቀም። እንደ ማንኛውም መንገደኛ የለበሱ ሁለት ሰዎች ከአጠገቡ ተነስተው መታወቂያቸውን አሳዩትና ትኬት ጠየቁት። ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ነው የሚቆጠረው። አለቀ።

እኔም ጡረታ ቢወጡም ልማድ አይለቅምና፣ ነገሩን ወደ ታሪክ ወሰድኩት። ይሄ ትኬት የሚባል ነገር መጀመሪያ ሲመጣ የተጠረጠረው ማን ነበር? ተሳፋሪው እንዳይመስላችሁ።

በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ቶማስ ኤድመንድሰን የሚባል የአንዲት ትንሽ ጣቢያ ኃላፊ ነበር። በዚያን ጊዜ የባቡር ትኬት በእጅ የሚጻፍ ወረቀት ነው። ጸሐፊው በቀን ስንት ሰው እንዳሳፈረ፣ ስንት ብር እንደተቀበለ የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። ኤድመንድሰን ተከታታይ ቁጥር የታተመባቸው ትናንሽ ካርቶኖች አዘጋጀ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የመጨረሻውን ቁጥር ማየት ብቻ ይበቃል፤ መሳቢያው ውስጥ ስንት መኖር እንዳለበት ቁጥሩ ይናገራል። ዘዴው ከዚያ ዓለምን አዳረሰ። እንግዲህ ትኬት ዋና ሥራው ገንዘብ ተቀባዩን መቆጣጠር ነበር።

ይህን ስታነቡ አንበሳ አውቶብስ ትዝ ያላችሁ ትኖራላችሁ። በኔ የስድስት ኪሎ ዘመን በኋላ በር ይገባል፤ ትኬት ቆራጩ በሩ አጠገብ መቀመጫው ላይ ተሰይሞ ሳንቲም ይቀበላል፣ ከጥቅሉ ቀድዶ ይሰጣል። መሃል መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ ዘው ይላል። ያኔ ኪስ ይዳበሳል፣ ቦርሳ ይገለበጣል፣ አንዱ «አሁን እጄ ላይ ነበር እኮ!» ይላል፣ ሌላው ትኬቱን በጥርሱ ነክሶ ይዞት ኖሮ ከአፉ ያወጣል። ተቆጣጣሪው ግን ዓይኑ ቆራጩም ላይ ነበር። ሳንቲም ተቀብሎ ትኬት ያልቆረጠ ቆራጭ የድርጅቱን ገንዘብ ኪሱ ከተተ ማለት ነው። ትኬት ያልያዘው ተሳፋሪ «ለሱ ከፍያለሁ» ብሎ ይጮኻል፣ አጠገቡ የቆሙት እናት «እውነቱን ነው፣ ሲከፍል አይቻለሁ» ብለው ይመሰክራሉ። አውቶብሱ ችሎት ይሆናል። ድሮ ተካሳሾች መንገድ ላይ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ አቁመው «ፍረደን» ይሉ እንደነበረው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ለውጡ የሚመጣው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀርመንና የሌሎች የአውሮፓ አገሮች ከተሞች ደመወዝ ለመቆጠብ ትኬት ቆራጮቹን ከትራምና ከባቡር አወረዷቸው። በምትካቸው ሳጥን ተተከለ፤ ሰዉ ራሱ ይግዛ፣ ራሱ ይምታ ተባለ። ታዲያ ሁሉን ሰው መቆጣጠር ስለማይቻል፣ ከመቶው ጥቂቱን በድንገት ይዞ ከበድ ያለ ቅጣት መቅጣት ተጀመረ። የተማሪዬ 60 ዩሮ የትኬት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በኔ አስተያየት የቆራጩ ደመወዝ ምትክ ነው። ምስክር የምትሆን እናት ግን በሳጥን አልተተካችም።

ጀርመን ውስጥ ነገሩ በ60 ዩሮ ላይቆም ይችላል። ሳይከፍሉ መሳፈርን ወንጀል ያደረገው አንቀጽ የገባው እ.ኤ.አ. በ1935፣ በናዚ ዘመን ነው፤ እስካሁን በሥራ ላይ አለ። ተደጋግሞ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ገንዘብ ይቀጣል፣ መክፈል ያቃተው ደግሞ በገንዘቡ ፈንታ ይታሰራል። ለትኬት ያጣ ሰው ለቅጣት ከየት ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ2021 «የነጻነት ፈንድ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ይዞ የተነሳ የዜጎች እንቅስቃሴ ገንዘብ እያዋጣ እነዚህን እስረኞች ማስፈታት ጀመረ። ብዙ ወገኖቻችን ያሉባት ዋሽንግተን ዲሲም እስከ 10 ቀን እስርና እስከ 300 ዶላር ቅጣት ነበራት። የከተማዋ ምክር ቤት የከንቲባዋን ተቃውሞ ሽሮ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ወደ 50 ዶላር የደንብ ቅጣት አወረደው። ኋላ ሜትሮው የጣቢያዎቹን በሮች ከፍ ባሉ በሮች ቀየረ፤ ሰው መቅጣቱ ካልሆነ ብረቱን ማርዘም።

የታሪፍ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ባለታክሲዎች ሥራ ያቆሙት ቤንዚን ተወዶ ታሪፉ ባለበት ስለቆመ ነበር። አስተማሪዎችም አድማ ላይ ነበሩ፤ አውቶብሶች በድንጋይ ተደበደቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ክፍል ውስጥ ስላስተማርኳችሁ አልደግመውም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ደግሞ ቺሊ ውስጥ የሜትሮ ዋጋ 30 ፔሶ ሲጨመር ተማሪዎች በሩን እየዘለሉ በነጻ መሳፈር ጀመሩ። በቀናት ውስጥ አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ወደቀ።

የኛው ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር ዋጋው። ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አልነበረውም፤ ትኬት ከጣቢያው አጠገብ ከሰው ይገዛል፣ ሰው ይቆጣጠራል። በሥራ መግቢያ ሰዓት ግን ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ባለው መስመር ተቆጣጣሪው ራሱ እጁን ማንሳት አይችልም፣ እንኳን ትኬት ሊያይ። ታዲያ 41 ሆነው ከመጡት ባቡሮች ከግማሽ በታች ብቻ ሲንቀሳቀሱ የታየበት ዘመን መጣ። በትኬት ማነስም ሆነ በአጭበርባሪ ብቻ የሚሳበብ አይደለም፤ መለዋወጫው በዶላር ነው፣ ገቢው በብር። ትኬት ያልቆረጠ ሰው ይቀጣል። ትኬቱን ቆርጦ ባቡር ሲጠብቅ ጸሐይ የመታውስ ለማን ያመልክት?

ወደ ወለጋ ልመለስ። እኛ ባቡር የለንም። ሊኖረን ግን ነበር! ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ካፋና ነጭ ዓባይ የሚል ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ወደ ምዕራብ ያለው ወረቀት ላይ ቀረ። ስለዚህ ለኛ ትኬት ማለት የመናኸሪያ ትኬት ነው።

የኛ ጉድ ደግሞ ሌላ ነው። ከነቀምቴ በጊምቢ ወደ ቢላ የሚመጣ ቅጥቅጥ ላይ ወንበሩ ከሞላ በኋላ መሃል ላይ ዱካ ይደረደራል። ትራፊክ ከሩቅ ሲታይ ረዳቱ «ገዲ ጄዻ!» ይላል። ዱካ ላይ ያሉት፣ አዛውንት ይሁን ነፍሰ ጡር፣ ጎንበስ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ከፍለዋል! እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከታሪፍ በላይ ከፍለዋል። ትኬት ካላቸውም ላዩ ላይ የተጻፈው ታሪፉ ነው፣ የሰጡት ሌላ። ትራፊኩ ገብቶ «ስንት ከፈላችሁ?» ሲል መኪናው ዝም ይላል፤ አንዱ ቀስ ብሎ የታሪፉን ዋጋ ይጠራል። ለምን? እውነቱን ከተናገረ ሹፌሩ ይቀጣል፣ መኪናው ይቆማል፣ መሽቶበት መንገድ የሚቀረው እሱ ነው። ነገም የሚሳፈረው በዚሁ መኪና ነው። መንገዱ በጸጥታው ችግር ሲዘጋና ሲከፈት በነበረባቸው ዓመታት ደግሞ መኪና መገኘቱ ራሱ ተመስገን ስለነበር ዋጋ የሚጠይቅም አልነበረም።

በሕጉ ተቀጪው ሹፌሩ ነው፤ ከጀርመን ጋር ሲተያይ ለተሳፋሪው ያደላ ይመስላል። ግን ሹፌሩ ቅጣቱን ከየት ያወጣዋል? ከሚቀጥለው ዱካ ላይ። አንበሳ ውስጥ «ሲከፍል አይቻለሁ» ያሉት እናት እዚህ ቢሳፈሩ፣ አብረው ጎንበስ ይላሉ።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከአውቶብስ ተራ ነቀምቴ ወይም ከነቀምቴ ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲ የተቆረጠ የድሮ ትኬት መጽሐፍ ውስጥ ያስቀመጠ ካላችሁ፣ ፎቶውን ከታች ለጥፉልኝ። ጀርባው ላይ የከፈላችሁትንም ጻፉበት፤ ፊቱ ላይ ያለውን አላምነውም።