የዶዶ ዛፍ ክርክር፦ ለሞሪሽየስ ደን መመናመን ተጠያቂው ማን ነው?

ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው ሞሪሽየስ ከ8 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከባሕር ወለል በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተፈጠረች ደሴት ናት። በደቡብ ምዕራብ ደጋዋ ላይ የተረፈው የዝናብ ደን፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ የሚቆይና በብዙ ዝናብ የሚኖር ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በ1994 ብላክ ሪቨር ጎርጅስ በሚል ስያሜ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ፓርኩ 6,574 ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን፣ 828 ሜትር ከፍታ ያለው የደሴቲቱ ረጅሙ ተራራም በክልሉ ውስጥ ይገኛል። ከፔትሬን ተነሥቶ ወደ ማካቤ ደን የሚያመራ ጎብኚ ከሚነገሩት ታሪኮች ሁሉ የሚማርከው ታምባላኮክ ስለተባለውና በተለምዶ የዶዶ ዛፍ ስለሚባለው አገር በቀል ዛፍ የሚተረከው ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ እንደሚተረከው መሆኑ ከ40 ዓመታት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል።

የደሴቲቱ የሰው ታሪክ አጭርና በሰፊው የተጻፈ ነው። ሆላንዳውያን በ1598 ደርሰው በልዑላቸው ሞሪስ ስም ሰየሟት፤ በ1638 ሰፍረው ኢቦኒ የተባለውን ጥቁር እንጨት ቆረጡ፣ በ1639 ከጃቫ አጋዘን አስገቡ፣ በ1710 ደግሞ ትተዋት ሄዱ። ፈረንሳውያን በ1715 ከያዟት በኋላ አስተዳዳሪው ፒየር ፑዋቭር በ1769 ባወጣው ደንብ ባለይዞታዎች ከመሬታቸው ሩቡን፣ በተለይም ተዳፋቱን፣ በደን እንዲተዉ አዘዘ፤ ደን ሲመነጠር ዝናብ እንደሚጠፋ ያምን የነበረው ይህ ሹም ከዘመኑ ባለሥልጣናት ከብዙዎቹ አርቆ አሳቢ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1810 ብሪታንያ ደሴቲቱን ከወሰደች በኋላ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተስፋፍቶ የቀረውን ሜዳ ጠቀለለ። ከእርግብ ወገን የሆነውና መብረር የማይችለው ዶዶ ግን ፈረንሳውያን ከመምጣታቸው ቀድሞ ጠፍቷል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ስለመታየቱ ብዙዎች የሚቀበሉት ምስክርነት የ1662ቱ ነው።

ክርክሩ የተነሣው ወፉ ከጠፋ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በ1977 አሜሪካዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ስታንሊ ቴምፕል ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተመው ጽሑፍ በደሴቲቱ የቀሩት ታምባላኮኮች 13 ብቻ እንደሆኑ፣ ሁሉም አርጅተው ዕድሜያቸው ከ300 ዓመት በላይ እንደሚገመት፣ ፍሬ ቢሰጡም ዘራቸው እንደማይበቅል ገለጸ። እንደ እርሱ ማብራሪያ የዛፉ ዘር እጅግ ወፍራምና ጠንካራ ቅርፊት ስላለው በራሱ ሊከፈት አይችልም፤ ዶዶ ፍሬውን ሲውጥ በጡንቻማው የሆድ ክፍል ውስጥ ያሉት ጠጠሮች ቅርፊቱን ፍቀው ያሳሱትና ለመብቀል ያዘጋጁት ነበር፤ ስለዚህ ወፉ ሲጠፋ ዛፉም ያለ ልጅ ቀረ። እንዲህ ያለው ትስስር፣ ማለትም ሁለት ፍጥረታት አብረው እየተለወጡ መጥተው አንዱ ያለ ሌላው ሊቀጥል የማይችልበት ዝምድና፣ በሥነ ሕይወት ትምህርት የግድ ተደጋጋፊነት ሊባል ይችላል። ተመራማሪው ሐሳቡን ለመፈተን ሆዱ ከዶዶ ሆድ ጋር ይቀራረባል ላለው ተርኪ ለተባለው ትልቅ ወፍ 17 ዘሮች አዋጠ፤ ሰባቱ ተሰባበሩ፣ ከተረፉት ዐሥር ዘሮች ሦስቱ በቀሉ፤ እነዚህም ከ300 ዓመታት በላይ በኋላ የበቀሉ የመጀመሪያዎቹ ታምባላኮኮች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ጻፈ።

ትረካው በፍጥነት ተሰራጭቶ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገባ፤ የአንድ ፍጡር መጥፋት ሌላውን ይዞ እንደሚሄድ ከዚህ የጠራ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራልና። ሆኖም ደኑን በየዕለቱ የሚያውቁት የአገሩ ባለሙያዎች አልተቀበሉትም። የሞሪሽየስ የደን አገልግሎት ባለሥልጣን የነበረው ኦዋዳሊ በ1979 በዚያው መጽሔት በሰጠው ምላሽ፣ ዘሩ ማንም ወፍ ሳይውጠው በችግኝ ጣቢያ መብቀሉን፣ በደኑም ውስጥ ዶዶ ከጠፋ ከረጅም ዘመን በኋላ የበቀሉ፣ ዕድሜያቸው ከ100 ዓመት የማይበልጥ ታምባላኮኮች መኖራቸውን አስረዳ። በ1941 የታተሙ ጽሑፎችም ዘሩ ያለ ወፍ እርዳታ እንደሚበቅል አስቀድመው መዝግበው ነበር።

ኦዋዳሊ ካቀረባቸው ነጥቦች አንዱ፣ ማለትም ዶዶ የቆላ ወፍ ስለሆነ ከደጋው ዛፍ ጋር አይገናኝም የሚለው፣ ከሌሎቹ ይልቅ ደካማ ነው። በርግጥ በ1865 እጅግ ብዙ የዶዶ አጥንት የተገኘው በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ አጠገብ ባለው ማር ኦ ሶንዥ የተባለ ረግረግ ነው። ዳሩ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በፖርት ሉዊስ ከተማ ፀጉር አስተካካይ የነበረው ኤቲየን ቲሪዩ በትርፍ ጊዜው ተራራና ዋሻ ሲያስስ ለ ፑስ በተባለው ተራራ አካባቢ የዶዶን ሙሉ አፅም አግኝቷል፤ ይህ ሰው ለሳይንስ ካበረከተው አንጻር ስሙ አለመታወቁ ያሳዝናል።

የቴምፕል ሙከራ ዋነኛ ጉድለት ግን ከወፉ መኖሪያ ጋር የተያያዘ አይደለም። በተርኪ ሆድ ያላለፉ ዘሮች ለማወዳደሪያ አብረው ስላልተዘሩ የሦስቱ መብቀል ምንም ሊያረጋግጥ አይችልም። በሐሩር ደን ዛፎች ግንድ ውስጥ የዓመት ቀለበት በግልጽ ስለማይታይም የ300 ዓመቱ ዕድሜ ከግምት የሚያልፍ አልነበረም። በ1991 ማርክ ዊትመርና አንቶኒ ቺክ ጉዳዩን እንደገና መርምረው ቅርፊቱ በተፈጥሮው የመሰንጠቂያ መስመር እንዳለውና ዘሩ ውኃ ሲያገኝ በዚያው መስመር እንደሚከፈት አሳዩ፤ የዛፎቹም ቁጥር ከ13 እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል።

ዶዶ ፍሬውን ፈጽሞ አይበላም ነበር ማለት ግን አይደለም። ይሁንና ፍሬውን ሊበላ የሚችለው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ በደሴቲቱ ከእርሱ ጋር ግዙፍ ኤሊዎችና ትልቅ መንቁር ያለው በቀቀን ይኖሩ ነበር፤ እነርሱም ጠፍተዋል። መርከበኞች ስለ ዶዶ የተዉት ማስታወሻ በአብዛኛው ስለ ሥጋው ጣዕምና ስለ ወፉ ግዝፈት የሚናገር ሲሆን፣ ስለ አመጋገቡ የሚሰጠው መረጃ ጥቂት ነው።

ዛሬ ፓርኩን የሚጎበኝ ሰው የቴምፕልን ትረካ ብቻ ሰምቶ ከተመለሰ ጥፋቱ ሁሉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያለቀ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን አዲስ ቡቃያ የሚያጠፉት አሁንም በደኑ ውስጥ አሉ፤ ጦጣዎች ፍሬውን ሳይበስል ይቀጥፋሉ፣ አሳማና አጋዘን ችግኙን ይግጣሉ፣ ይቆፍራሉ፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣውና እኛ ዘይቱን የምንለው ፍሬ ዘመድ የሆነው የቻይና ጉዋቫ ደግሞ መሬቱን ሸፍኖ ብርሃን ይነፍገዋል። ለዚህ መድኃኒቱ አጥርና አረም መንቀል መሆኑ በፓርኩ በተከለሉት ቦታዎች ታይቷል፤ በ1974 በዱር የሚታወቁት አራት ብቻ የነበሩት የሞሪሽየስ ጭልፊቶችም በሰዎች የዓመታት ጥረት ከመጥፋት ድነዋል። ፓርኩን የሚጎበኝ ሁሉ የዶዶን ታሪክ ከአስጎብኚው ሲሰማ፣ አጥር የታጠረላቸውን ቦታዎች ጭምር እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ በመልካም ይዞታ ላይ የሚገኘው የሞሪሽየስ አገር በቀል ደን ከደሴቲቱ ስፋት 2 በመቶ አይሞላም።