ከኑረምበርግ ቆርቆሮ እስከ አክሪሊክ ቀለም

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በጀርመኗ ኑረምበርግ የሂልፐርት ቤተሰብ ቆርቆሮ እያቀለጠ ትናንሽ ወታደሮችን ያመርት ነበር። ምስሎቹ ጠፍጣፋ በመሆናቸው ሕይወት የሚዘራባቸው ቀለም ቀቢው ነው። የልብሱን እጥፋትና የፊቱን ጥላ በብሩሽ ጫፍ ያወጣዋል።

በ1893 (እ.ኤ.አ.) የለንደኑ ዊሊያም ብሪተን ሌላ መላ አመጣ። የቀለጠውን የእርሳስ ቅይጥ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ አፍስሶ ወዲያው መልሶ ይደፋዋል፤ ከግድግዳው የተጣበቀው ስስ ቅርፊት ብቻ ይቀራል። ውስጡ ባዶ የሆነው ወታደር ቀላልና ርካሽ ሆነ። እያንዳንዱን በእጅ የሚቀቡት ሠራተኞች ደግሞ በብዛት ሴቶች ነበሩ።

ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ቀለም መቀባቱ በአብዛኛው የአምራቾቹ ሥራ ነበር።

በ1950ዎቹ ኤርፊክስን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴሎችን ሲያስፋፉ፣ ብሩሹ ወደ ገዢው እጅ ገባ። በእንግሊዟ ሃል ከተማ የተመሠረተው ሃምብሮል በትናንሽ ጣሳዎች የሚሸጠው የዘይት ቀለም ለብዙዎች የመጀመሪያው ነበር። ቀለሙ በደንብ ይሸፍናል፤ ግን ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ብሩሹም በማቅጠኛ ፈሳሽ መታጠብ አለበት። በኋላ የመጣው አክሪሊክ በውሃ ይቀጥናል፣ በደቂቃዎችም ይደርቃል።

በዚህ ፍጥነት ምክንያት በስስ ድርብርብ መቀባት ቀለለ። መጀመሪያ ቀለሙን የሚይዝ መነሻ ቅብ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ዋናው ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ይደረባል። ከዚያ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ወደ ስንጥቆቹ እንዲወርድ ይደረጋል፤ በመጨረሻም ከሞላ ጎደል የደረቀ ብሩሽ ከፍ ከፍ ያሉትን ጠርዞች በፈካ ቀለም ያጎላል።