ከሚሊጦስ እስከ ጋይንት

ፍልስፍና የት ተጀመረ ሲባል ሁሉም ጣቱን ወደ ግሪክ ይቀስራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት በሚሊጦስ ከተማ የኖረው ታሌስ የነገር ሁሉ መነሻ ውኃ ነው አለ። ዓለምን በአማልክት ተረት ሳይሆን በምክንያት ለመፍታት መሞከሩ የመጀመሪያው ፈላስፋ አሰኘው። ይሁንና ከታሌስ እጅ የወጣ አንድ ገጽ እንኳ የለም። ትምህርቱን በይበልጥ የምናውቀው 200 ዓመት ያህል ቆይቶ አሪስቶትል ከጻፈው ነው። ሶቅራጥስም ቢሆን አንድ መጽሐፍ አልተወም።

የግሪኮቹ ቃል ለእኛም የደረሰው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። የጠቢባኑን አባባል የያዘው «መጽሐፈ ፈላስፋ» በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሷል።

የራሳችን ጅማሬስ? እዚህ ላይ መንገዱ በጋይንት ያልፋል። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ መምህራን የሚመሰከሩበት ደብር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ካቶሊክ ሚስዮናዊ እዚያ ተቀምጦ ግዕዝ ተማረ፤ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም አዘጋጀ። የዘርዐ ያዕቆብን «ሐተታ» በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የላከለት ይኸው ሰው ነው። መጽሐፉ እንደሚተርከው ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም አቅራቢያ ተወልዶ፣ በሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በዋሻ ተቀመጠ፤ ኋላም እንፍራዝ ገብቶ በተማሪው በወልደ ሕይወት ጥያቄ በ1667 ጻፈው።

በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ «የሐተታው ደራሲ ራሱ ኡርቢኖ ነው» ብሎ ተነሣ። የታወቁት ሁለት ቅጂዎች ሁለቱም በኡርቢኖ በኩል የመጡ ናቸው፤ የሰውየው የልደት ስምም ያዕቆብ፣ በጣሊያንኛው ያኮፖ፣ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር በ1970ዎቹ ሐተታውን ከኡርቢኖ ደብዳቤዎች ጋር አስተያይተው ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ሲሉ ተከራከሩ። በ2013 ፈረንሳዊቷ አናይስ ቪዮን የኮንቲ ሮሲኒን ወገን ይዛ ክርክሩን እንደገና ቀሰቀሰችው።

የታሌስ ቃል በሌላ ሰው ብዕር መድረሱ ፈላስፋነቱን አልነሣውም። የሐተታው ነገር ግን ይለያል፤ እዚህ የተጠረጠረው አስተላላፊው ራሱ ነው። ስለዚህ ክርክሩን አገር መውደድ ብቻውን አይፈታውም፤ ንቀትም አይዘጋውም። ከኡርቢኖ በፊት የተጻፈ አንድ ቅጂ ከአንድ ደብር ዕቃ ቤት ቢወጣ ነገሩ ያበቃል። ሐተታ ማለት ምርመራ ነውና፣ መጽሐፉን የሚያከብር ሰው መጽሐፉንም መመርመር አለበት።